ቱርቦው ላይ ከመፍረዴ በፊት

ሁለት ሳምንት ሙሉ መሪው እጄ ላይ ሲንዘፈዘፍ ሰነበተ።

መኪናዋ አባቴ የተወልኝ ላንድክሩዘር ናት። ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ቱርቦ ያላት። የናፍጣ ፓምፑ ሜካኒካል ስለሆነ ኮምፒውተር ሰክቶ ችግሩን የሚነግርህ የለም። ማዳመጥ ነው ያለው።

መጀመሪያ ካንዴላ፣ ማለትም ሞተሩ ሲነሣ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው፣ መሰለኝ። የደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ካንዴላ ከደከመ ጠዋት መንገላታት አለ። ግን ሞተሩ ከሞቀ በኋላም መንቀጥቀጡ አልለቀቃትም። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፍተው ብዙም ሳይቆዩ "ቱርቦው አልቋል፣ ይቀየር" አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ ክው አልኩ።

ማታ ጡረታ የወጡት የሰፈራችን መካኒክ ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ቱርቦው ሞቷል አሉኝ።"

"ቆማ ነው የምትንቀጠቀጠው ወይስ ስትሄድ?"

"ቆማም።"

"ታዲያ ቱርቦው ምን አደረገ? በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትሰጣት፣ እኮ ይሄ ነው የሚባል ሥራ የለውም፣ ልጄ።"

እውነታቸውን ነው። ቱርቦን የሚያሽከረክረው የጭሱ ግፊት ነው። መኪና ቆማ ጭሱ ትንሽ ስለሆነ የሚገፋው አየርም ከቁጥር አይገባም። ይህን እያወቅሁ ዋጋ ስጠይቅ መዋሌ አናደደኝ።

በማግስቱ ሞተሩን አስነሥተን፣ በ17 ቁልፍ፣ ናፍጣን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጩት ኖዝሎች የሚሄዱትን ቱቦዎች ብሎን በየተራ ላላ ማድረግ ጀመርን። እጅና ፊት ራቅ ይላል፤ ያ ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት ስለሚወጣ ቆዳ ይበሳል። አንደኛው ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ወረደ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ላይ ናፍጣው ተፍ ተፍ አለ እንጂ የሞተሩ ድምፅ ንቅንቅ አላለም። ያ ሲሊንደር ድሮውንም አይሠራም ነበር ማለት ነው። ኖዝሉን ፈተን ፓምፕ ቤት ወሰድነው። እንደ ጉም መርጨት ሲገባው ጠብ ጠብ ይላል። ጫፉ ተቀየረ፣ መሪው ዝም አለ።

አለቀ ብዬ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ስመለስ ጣርማበር ዳገት ላይ ጉልበት አጣች፣ ጥቁር ጭስ ለቀቀች። ነዳጅ ስሰጣት ከኮፈኑ ሥር "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ጣርማበር ከ3,000 በላይ። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በ30 በመቶ ያህል ይሳሳል። ቆላ ላይ የተሸፈነ የአየር ጉድለት ደጋ ላይ ይጋለጣል።

ይሄኛው በእርግጥም የቱርቦ ሰፈር ነበር፤ የታመመው ግን ቱርቦው አይደለም። ጋሼ የቱርቦውን የአየር መግቢያ ፈተው ዘንጉን በጣታቸው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ገፋ ሳብ አደረጉት። አይላወስም። ከዚያ ከቱርቦ ወደ ሞተር አየር የሚያደርሰውን ላስቲክ ከሥሩ ዳሰሱት። ዘይት የጠጣ አቧራ ተለጥፎበታል። ጠርገው ጠምዘዝ ሲያደርጉት፣ ጣት የሚያህል ስንጥቅ አፉን ከፈተ። ከላይ ሲታይ ደህና ነበር።

አዲስ ላስቲክ ገባ። ትናንት ጣርማበርን ያለ ጭስ ወጣኋት። የቀሩት አምስት ኖዝሎች የዚያኛው እኩያ ስለሆኑ ግን ከገና በፊት ፓምፕ ቤት ወስጄ አስፈትሻቸዋለሁ።