የላንድሮቨር እጅ የነካት ኤምጂ

«ቶዮታ ሞተር ግጠምባትና ተገላገል!»

ደሴ ውስጥ ኮፈኗን ከፍቼ በቆምኩበት ሁሉ ይህን የማይለኝ የለም። አራዳ ያለው መለዋወጫ ሻጭ ብሎኛል፣ ጎሚስታው ብሎኛል፣ መኪናዋን የሰጠኝ አጎቴ እንኳን ብሎኛል። ምክሩ ክፋት የለውም። የቶዮታ ዕቃ በየሱቁ ይገኛል፣ የማያውቀው መካኒክም የለም። እኔ ግን እምቢ ብያለሁ፤ ግትርነቱ ባይጠፋብኝም ምክንያት አለኝ።

መኪናዋ ኤምጂቢ የምትባል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት፣ እ.ኤ.አ. የ1963 ሥሪት። ኦክስፎርድ አጠገብ ባለችው አቢንግደን ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል፤ ስለዚህ በዓለም ብርቅ ናት ብዬ አልጎርርም። ደሴ ላይ ግን ሌላ ካያችሁ ንገሩኝ። አጎቴ በጎረምሳነቱ አዲስ አበባ ላይ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዝቶ ነው ያመጣት። መሪዋ በቀኝ ነው። አገራችን ከግራ መስመር ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ስለሆነ፣ እሷ የገባችው ሕጉ ከመቀየሩ ጥቂት ቀደም ብላ ነው።

ይሄ የመሪ ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ፊታችሁ ሲኖትራክ ከተደቀነ፣ እኔ ከተቀመጥኩበት የሚታየው የተሳቢው ጎማና የመንገዱ ዳር ብቻ ነው። የአጎቴ ልጅ በግራ በኩል አንገቷን አውጥታ «ቆይ… ቆይ… አሁን በል!» ትለኛለች። ረዳት የምትይዝ ስፖርት መኪና!

ወደ ምክንያቴ ልምጣ። ቧንቧ ውሃ አካባቢ ዕድሜያቸውን ላንድሮቨር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ አንድ መካኒክ አሉ። ስማቸውን እንድጽፍ ስላልፈቀዱ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ከእሳቸው በፊት የሄድኩበት ጋራዥ ልጆች በ13 ሚሊ ቁልፍ ሊፈቱ ሞክረው ነበር። የእንግሊዝ ቡሎን ኢንች ነው፤ ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊ ነው። 13 ቁልፍ ይገባል፣ ግን ላላ ይልና ጠርዙን በልቶት ቁጭ። ጋሼ የተበላውን ቡሎን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ዝም አሉና ከአልጋ ሥር ሳጥን ጎትተው አወጡ። በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለ ሙሉ የኢንች ቁልፍ ነበር። «አብሽር» አሉኝ። ወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው ከዚህ በኋላ የሚጠይቀው ነገር የለም።

ኤሌክትሪኩም እንደዚያው። በዚያ ዘመን ኤምጂም ላንድሮቨርም ማሳቸው ፖዘቲቭ ነው፤ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፕላስ ነው። ቶዮታ ብቻ የለመደ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ሳይጠይቅ ማይነሱን ቦዲ ላይ ያስራል። ጋሼ ባትሪው ክዳን ላይ በቀይ ቀለም «ፕላስ ማሳ፣ አትንካ» ብለው ጽፈዋል። አንድ ነገር ላይ ብቻ ተሸንፈናል። ፋብሪካው ከወንበሮቹ ኋላ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪ ነበር ያስቀመጠው፤ እኛ በአንድ ባለ 12 ተክተነዋል። ለዚህ የሚወቅሰኝ ካለ ባለ 6ቱን ከገበያ ፈልጎ ያምጣልኝ።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ግን የዚህች መኪና ጣዕም ነው። ኤስዩ የሚባሉ ሁለት ካርቡራተሮች አሏት። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ፒስቶን አለ፤ ሞተሩ አየር በሳበ ቁጥር ፒስቶኑ ይነሳል፣ ከሥሩ ያለችው ሹል መርፌም ቤንዚን ከሚያሳልፈው ቀዳዳ፣ ከጂግለሩ፣ ወጣ እያለች ቤንዚኑን ትጨምራለች። ጋሼ ሲያስተካክሉ መሣሪያቸው ጆሯቸው ነው። በመጀመሪያ ቁራጭ የውሃ ጎማ አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን ካርቡራተሩ አፍ ላይ ያደርጉና የሁለቱ ፉጨት እኩል እስኪሆን ያዳምጣሉ። ከዚያ ከጎን ያለችውን ፒን በጣት ገፋ አድርገው ፒስቶኑን አንድ ሚሊ እንኳን በማትሞላ ከፍታ ያነሱታል። ሞተሩ ዙሩን ጨምሮ እዚያው ከቆየ ቤንዚን በዝቶበታል። ሊጠፋ ከተንገዳገደ አንሶታል። ለአፍታ ጨመር ብሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ልክ ነው። ከሥር ያለችውን ዳዶ ወደ ላይ ሲያጠብቋት ቤንዚኑ ይቀንሳል፣ ወደ ታች ሲያላሏት ይጨምራል። በቃ፣ ኮምፒውተር የለ፣ ስካነር የለ።

ደሴ ላይ ይሄ ማስተካከያ የግድ ነው። ከተማችን 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባታል፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል፣ ዳገት ላይ ትታፈናለች። ፋብሪካው 95 የፈረስ ጉልበት ያላት ሞተር ጦሳ ሥር 70 ብትሰጥ ነው። ኮምቦልቻ ስንወርድ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምንል የደሴው ልክ እዚያ ትንሽ ይሳሳል። ጋሼ መሃል ላይ አድርገው ትተውታል፤ «ሐረጎን ስትወጣ እንዳታሳፍርህ» ብለው።

የላሜራው ሥራ አድካሚ ስለነበር ብዙ አላወራም። ኤምጂቢ እንደ ላንድሮቨር ከሥር የሚሸከማት የብረት አጽም፣ ሻንሲ፣ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ነው የሚሸከማት፣ በተለይ ከበሩ በታች ያለው ክፍል። የደሴ ጉምና ክረምት ያንኑ በልቶት ነበር። ባቱላሜራው ሁለቱንም ጎን ባንድ ጊዜ ሊቆርጥ መጋዙን ሲያነሳ ጋሼ ጮኹበት። መጀመሪያ የበሩን ክፍት ቦታ በብረት ወጥረን በየድነው፣ ከዚያ አንዱን ጎን ጨርሰን ወደ ሌላው አለፍን። ሳይወጠር ቢቆረጥ መሃሏ ጎብጦ በሩ ዳግም አይገጥምም። የፊት እግሯን ቦኮላ፣ ማለትም መሃሉ ክፍት የሆነውን ቀለበት፣ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ከነሐስ አስቀረጽን። ጓርኒሲዮን (ዘይትና ውሃ እንዳያፈስ በመጋጠሚያው የሚገባው)ና የካርቡራተር ጥቃቅን ዕቃ ብቻ ነው ከእንግሊዝ በዘመድ ሻንጣ የመጣው።

እንግዲህ ቶዮታ ግጠም የምትሉኝ፣ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሰፈሬ ውስጥ እያለ ሞተሯን አውጥቼ ለቁራሌው የምሰጠው ለምንድን ነው?

አሁን የቀረው ጣራው ነው። ሰኞ ገበያ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ልጅ አግኝቻለሁ፤ መለኪያውን ሲያይ «ይሄ ለባጃጅ ነው?» ብሎኝ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ይጨርስልኝ እንጂ ለምንም ይሁን።