የአማቶቼን ሰባት ቤት ስቆጥር

እናቴ ስለ እጮኛዬ ስነግራት ሥራውን አልጠየቀችኝም። «የማን ልጅ ነው? እስቲ ሰባት ቤቱን ቁጠሪልኝ» አለች። ጎጃምንና የአሜሪካዋን ፔንሲልቬኒያን ምን ያዛምዳቸዋል ብዬ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ሽማግሌ ሲቀመጥ ይጠየቃላ! እሱን ብጠይቀው ከአያቱ አላለፈም። «ስናይደር ነን፣ ድሮ ጀርመን ነበርን» አለኝ፤ አለቀ።

ለካ ስሙ የማይለወጥ ቤተሰብ አባቶቹን በቃል መያዝ አያስፈልገውም። የእኛ ስም በየትውልዱ ስለሚለወጥ እንቆጥራለን፤ እነሱ ስሙ ይይዝልናል ብለው ይተዉታል።

እኔም መጀመሪያ ስሙን ይዤ ነበር የተነሳሁት፤ ስሕተቴም እዚህ ላይ ነው። ስናይደር ማለት የጀርመንኛው ሽናይደር በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ገብቶ ሲጻፍ ነው። ትርጉሙ ልብስ ሰፊ፣ ሥሩም «መቁረጥ» የሚለው ግስ። በጀርመን ከሙለር (እህል ፈጪ) እና ከሽሚት (ቀጥቃጭ) ቀጥሎ በብዛት ሦስተኛው ስም ነው። በሰሜን ጀርመን ያው ልብስ ሰፊ ሽሮደር ስለሚባል፣ ሽናይደር ሲባል ዓይን ወደ መሐልና ወደ ደቡብ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ስሙ ምንም አይናገርም። ልብስ ሰፊ የሌለበት ከተማ አልነበረም፤ ስሞቹም ከ12ኛው መቶ ዓመት አንሥቶ በየቦታው ለየብቻቸው ነው የረጉት። ሽናይደሮች ሁሉ ዘመድ ናቸው ማለት የመርካቶ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ወንድማማች ናቸው እንደ ማለት ነው። አንዲት የእጮኛዬ አክስት ሳሎኗ ውስጥ የሰቀለችው «የስናይደሮች አርማ» እንኳ ከሱቅ የተገዛ ሆኖ ተገኘ፤ አርማ የአንድ ቤተሰብ እንጂ የስም ንብረት አይደለም።

እናቴ «ልብስ ሰፊ» ስትሰማ ትንሽ ዝም አለች። በእኛ ዘንድ የእጅ ሙያ ስድብ ሆኖ ስንቱን አንገት አስደፍቷል። ሽሚት የሚባል ሰው በፈረንጆች አቆጣጠር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በዚያው ነው) ከ1974 እስከ 1982፣ ሽሮደር የሚባል ደግሞ ከ1998 እስከ 2005 ጀርመንን እንደመሩ፣ አንዱ በስሙ ቀጥቃጭ አንዱ ልብስ ሰፊ እንደሆነ ነግሬ አባበልኳት።

ከዚያ ስሙን ትቼ ሰዎቹን ያዝሁ። ከአማቼ የልደት ወረቀት ተነሥቼ፣ አንዱን ትውልድ በሰነድ ሳላረጋግጥ ወደሚቀጥለው ላልሻገር ወሰንሁ። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ እስከ 1790 ወሰደኝ፤ ከዚያ በፊት ያለውን በፔንሲልቬኒያ፣ በላንካስተር አካባቢ ካሉ ኑዛዜዎችና የሉተራን ቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ለቃቀምሁ። አንዱ ሰው ራሱ በሦስት ወረቀት ላይ ስሙ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተጽፎ አገኘሁት።

መንገዱ የጠፋኝ ከጀርመን ያመጣቸው መርከብ ላይ ስደርስ ነው። ከ1727 ጀምሮ ፊላደልፊያ የሚገቡ ጀርመኖች፣ ወንድ ሆነው 16 ዓመት ከሞላቸው፣ ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝነት ይምሉ ነበር፤ ዝርዝሩም እስከ ዛሬ አለ። መጻፍ የማይችለው ምልክት ያደርጋል፣ ጸሐፊው ስሙን እንደሰማው ይጽፍለታል። እኔ «ዮሐንስ ሽናይደር» ብዬ ገባሁ፤ ስንቱ ዮሐንስ ወጣ! ወንድማማቾቹን ሁሉ ዮሐንስ ብለው ያጠምቁና በሁለተኛው ስማቸው ይጠሯቸዋል። ገብረ ሥላሴንም ገብረ ማርያምንም «ገብሬ» ብሎ እንደሚመዘግብ የፈረንጅ ጸሐፊ ሆኜ፣ የማላውቀውን ሰው አባት ስድስት ወር ሙሉ ተከተልሁ።

ያወጡኝ ጎረቤቶቹ ናቸው። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የልጆቹ የክርስትና አባትና እናት የሆኑትን ሰዎች ስም ጻፍሁ። ሽናይደር እንደ አሸዋ ቢበዛም ከእነዚህ መካከል ሁለቱ እምብዛም የማይገኙ ስሞች ነበሩ። ሁለቱም ከሃይደልበርግ ደቡብ ምሥራቅ፣ ክራይሽጋው ከሚባለው አገር፣ ከአንዲት መንደር ተገኙ። አገሬው ተያይዞ ነበር የተሰደደው፤ እኛስ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባነው እንዴት ሆነና!

የመንደሪቱን መዝገብ ያነበብሁት አርኪዮን በሚባለው የጀርመን ወንጌላውያን መዛግብት ድረ ገጽ ነው። ይከፈልበታል፣ ግን ያዋጣል። የድሮው የእጅ ጽሕፈት «ኩረንት» ግን ዕንባዬን አመጣው፤ «ኤ» የሚለው ፊደል «ኤን» ይመስላል። «ሽናይደሪን» የሚል ሳይ ሌላ ቤተሰብ መስሎኝ አልፌው ነበር፤ ለካ ለሴት ሲሆን መጨረሻው ላይ የሚቀጠል ነው። ቀኖቹም አልገጥም ብለው ነበር፤ የጀርመን ፕሮቴስታንቶች በ1700 ወደ አዲሱ አቆጣጠር ሲገቡ እንግሊዞች እስከ 1752 ድረስ በአሮጌው ቆይተው 11 ቀን ወደ ኋላ ነበሩ። ሰባትና ስምንት ዓመት ሲደምርና ሲቀንስ ያደገ ሰው በ11 ቀን አይደነግጥም።

በመጨረሻ ከጥምቀቱ ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ ቄሱ «ወደ ፔንሲልቬኒያ» ብለው የጻፉባትን አጭር መስመር አገኘኋት። ጮህሁ። በ1749 ከመርከብ የወረደው ሰው ይኸው ነው። በራይን ወንዝ ወደ ሮተርዳም፣ ከዚያ በእንግሊዝ ወደብ በኩል ባሕሩን ተሻገረ።

ደግሞም የዚህ ሰው አያት ጋብቻ ላይ «ከዙሪክ ግዛት የመጣ» ይላል። ከ1618 እስከ 1648 የተካሄደው ጦርነት ያን አገር ባዶ ስላስቀረው ብዙ ስዊሶች መጥተው ሰፍረውበታል። «ጀርመን ነበርን» ያለኝ ሰው የዘሩ ሐረግ ስዊስ ሆኖ አረፈው!

በስልክ ለእናቴ አንድ በአንድ ቆጠርሁላት። ሰባተኛው ላይ «በቃ፣ ሞላ፤ ዝምድና የለም» ብላ አስቆመችኝ። ያ ሁሉ የለፋሁበት መርከብ ስምንተኛው ላይ ነው።