ባለ ነብሩ ብርድ ልብስ

ለገና ጎጃም ስሄድ ለአጎቴ የሚሆን ነገር ልያዝላቸው ብዬ ደብረ ማርቆስ ላይ ገበያ ገባሁና ያንን ከባዱን የቻይና ብርድ ልብስ ገዛሁ፣ ታውቁታላችሁ፣ መሀሉ ላይ አፉን የከፈተ ነብር ያለበት፣ ግማሹ አገር እሱን ለብሶ አደል እንዴ የሚተኛው። የአጎቴ ቤት ከደጀን ወረድ ብሎ አባይ በረሃው አፋፍ ላይ ነው፣ ሌሊት ነፋሱ አጥንት ውስጥ ይገባል።

አልጋው ላይ ዘረጋሁላቸው። ሶላሯን አስጠግተው ከጭራው ጀምረው አዩት፣ ዳበሱት፣ ከዛ ዝም አሉ። «ምንድነው ይሄ?» አሉኝ። ነብር ነዋ ጋሼ አልኳቸው። «ነብርማ አደለም። ነብር ዝንጉርጉር ነው፣ ጠቃጠቆ፣ ኤርምያስም የሚለው እሱን ነው። ይሄ በአለንጋ ሲገረፍ ያደረ ነው እንጂ!»

እውነታቸውን ነው። ለሳቸው ነብር የቲቪ ነገር አደለም፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ክረምት ላይ አንድ ሙክት ከጋጣው ውስጥ አንስቶባቸዋል፣ አጥሩን እንዴት እንደዘለለ፣ ውሻው እንዴት አልጋ ስር እንደገባ፣ ጠዋት ደሙን ተከትለው እስከየት እንደወረዱ በየመጣሁ ቁጥር ይነግሩኛል። (ሙክቱ በየዓመቱ እየሰባ ነው የሚሄደው፣ ዘንድሮ ጥጃ አክሏል።)

ችግሩ ቋንቋችን ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። እኛ አገር ያለውንም ነብር እንላለን፣ ሰንበር ሰንበር ያለውን የእስያውንም ነብር እንላለን፣ ፈረንጅ ታይገር የሚለውን ማለቴ ነው፣ እሱ ደግሞ አፍሪካ ጫካ ውስጥ የለም፣ የሕንዱ ወንድ 200 ኪሎ አልፎ ይመዝናል፣ የኛው አጠገቡ ቢቆም ግልገል ነው የሚመስለው። አጎቴ 200 ኪሎ ሲባል በሬ በሬ እያሰቡ ነው መሰለኝ ብርድ ልብሱን ትንሽ ራቅ አደረጉት።

«ታዲያ ይሄን የሚያህል አውሬ ማን ይችለዋል?»

ሰው ችሎታል ጋሼ። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት በዓለም ወደ 100 ሺህ ይሆኑ ነበር ይባላል፣ በፈረንጆቹ 2010 ግን 3,200 ገደማ ብቻ ቀሩ። የባሊው ጠፋ፣ የጃቫው ጠፋ፣ ቱርክና ኢራን ድረስ ይደርስ የነበረው የካስፒያኑም ጠፋ። ካምቦዲያ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ካሜራ ያየው 2007 ላይ ነው፣ ከዛ ወዲህ የለም። ጫካው ተመንጥሮ እርሻ ሆነ፣ የሚበላውን አጋዘንና ከርከሮ ሰው ቀድሞ ጨረሰው፣ የቀረውን ደግሞ ለቆዳውና ለአጥንቱ ገደሉት። አጥንቱን ምን ያደርጉታል አሉኝ። ለመድኃኒት፣ አረቄ ውስጥም ይዘፈዝፉታል፣ ቻይና በ1993 ብትከለክልም በድብቅ የሚነግደው አላቆመም። እኔ አረቄ ውስጥ አጥንት ሲባሉ የሚገረሙ መስሎኝ ነበር፣ እሳቸው ግን ትንሽ አሰቡና «እኛስ? ጀግና ለምድ ይልበስ እያልን ስንቱን ነብር ገፈፍነው» አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

የገረማቸው ሌላ ነው፣ ቆጠራው። «አውሬ እንዴት ይቆጠራል፣ ተሰለፉ ይሏቸዋል?» ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ካሜራ ያስራሉ፣ ሲያልፍ በራሱ ያነሳዋል፣ የአንዱ ሰንበር ከሌላው ጋ አይመሳሰልም፣ እንደ ጣት አሻራ ነው፣ በሱ ይለዩታል አልኳቸው። ይሄ ወዲያው ገባቸው፣ መቶ ከብት ውስጥ የራሳቸውን ቡሬ ከሩቅ የሚለዩ ሰው ናቸውኮ። ድሮ ግን በዱካ ነበር የሚቆጥሩት፣ ሕንድ ውስጥ ሳሪስካ የሚባል ጥብቅ ቦታ ነብሮቹ በሪፖርት ላይ እያሉ አዳኝ ጨርሷቸው 2005 ላይ ሲታይ አንድም የለም። አጎቴ ይሄን ጊዜ ከት ብለው ሳቁ፣ «የኛ የችግኝ ነገር በይው!» ብለው ለሚስታቸው። እዛ ግን ቀልድ ሆኖ አልቀረም፣ ካሜራው ለአገር አቀፍ ቆጠራ የመጣው ከዛ ውርደት በኋላ ነው፣ ሳሪስካም ከ2008 ጀምሮ ከሌላ ቦታ አምጥተው መለሱበት።

እንዳያዝኑ ደግሞ ጥሩውንም ነገርኳቸው። በ2010 ነብር ያለባቸው 13 አገሮች ሴንት ፒተርስበርግ ተሰብስበው በ2022 ቁጥሩን እጥፍ እናደርጋለን ብለው ነበር፣ በጠቅላላ እጥፍ አልደረሰም፣ ኔፓል ግን ከ121 ወደ 355 አደረሰችው። ሕንድ 2022 ላይ ባደረገችው ቆጠራ 3,682 ገደማ አሏት፣ ያውም ያ ሁሉ ሕዝብ ታጭቆባት።

«ሙክት የበላ እንደሆነስ?»

እኔ ስለ መጥፋት ሳወራ ሰውየው ምሽቱን ሙሉ ያችን ጥያቄ ይዘው ነበር የተቀመጡት። ካሳ ይከፈላል አልኳቸው፣ ሕንድ ውስጥ ከብቱን ነብር የበላበት ሰው መንግስት ይከፍለዋል፣ ሲዘገይበት ደግሞ ተናዶ የተረፈው ጥምብ ላይ መርዝ የሚያደርግም አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ። መርዝ እንዳሰቡ አልነገሩኝም፣ እንዳላሰቡም አልነገሩኝም። እውነቱን ለመናገር እኔ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቁጭ ብዬ ነብር ይጠበቅ ብል ምን አለብኝ፣ የሚያስወጣኝ ዳታ ብቻ ነው። እሳቸው ግን በሙክት ነው የሚከፍሉት።

ልንተኛ ስንል አንድ ነገር ጨመርኩ። ሕንድና ባንግላዴሽ መካከል ሰንደርባን የሚባል ውሃ የሞላው ጫካ አለ፣ ማር ቆራጩንና እንጨት ለቃሚውን ነብር ከኋላ እየመጣ ይበላዋል፣ ፊት ለፊት ያየውን ሰው ይፈራላ። ስለዚህ በ1980ዎቹ ሰዎቹ የሰው ፊት ያለበት ጭንብል ማጅራታቸው ላይ እያሰሩ መግባት ጀመሩ፣ ለተወሰነ ጊዜም ሰራ። አጎቴ ሁለቴ አስደገሙኝ። «በማጅራቱ? ፊት?» ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።

ጠዋት ስነሳ ብርድ ልብሱ አልጋው ላይ የለም። ወጥቼ ሳይ የፍየሎቹ ጋጣ አጥር ላይ ተሰቅሏል፣ ነብሩ አፉን ከፍቶ ወደ በረሃው ያያል። ምነው ጋሼ ስላቸው «ጠረኑ እንዲለቅ ነው፣ አዲስ ዕቃ ይሸታል» አሉኝ፣ እንዲህ እያሉ ደግሞ አንዱን ጫፍ በልጥ እያጠበቁ ነው።