ደረቱ ሳይሆን ሆዱ

ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የእንስሳት ድንገተኛ ሆስፒታል የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። ረዳት ነኝ። አገር ቤት ግን የእንስሳት ሐኪም ነበርኩ። የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ። እዚህ ሐኪም ተብሎ ለመሥራት መንገዱ ረጅም ነው። ውጭ አገር የተመረቀ ሰው የሚያልፍበት ፕሮግራም አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሰነድ ታስመረምራለህ። ከዚያ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ የጽሑፍ ፈተና፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ እጅህን የሚያዩበት የሦስት ቀን የተግባር ፈተና። የፈቃድ ፈተናው ከዚህ ሌላ ነው። እኔ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነኝ። እስከዚያው ውሻ እይዛለሁ፣ ደም እቀዳለሁ፣ ኬጅ አጸዳለሁ።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከውስጤ አልወጣም።

ሌሊት እኛ ጋ የማይመጣ ነገር የለም። ቸኮሌት የበላ ቡችላ። መኪና የገጨው ውሻ። ሽንቱ የተዘጋበት ወንድ ድመት። የድመቱ ነገር በተለይ ያሳዝነኛል። ባለቤቱ ሆድ ድርቀት መስሎት ሁለት ቀን ይጠብቃል፤ እስከዚያ ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይከማችና ልቡን ሊያቆመው ይደርሳል።

አንድ ሌሊት ወደ 8 ሰዓት ገደማ አንዲት ሴትዮ ቡናማ ኮከር ስፓንያል ታቅፋ ገባች። ውሻው አይተነፍስም። እንግዳ መቀበያ ያለችው ልጅ ጮኸች፣ ሁላችንም የያዝነውን ጥለን ሮጥን።

ልብ ሲቆም ማን ምን እንደሚሠራ ቀድሞ የተወሰነ ነው። አንዱ ደረት ይጫናል፤ ውሻው በጎኑ ተኝቶ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ሌላ ሰው ይተካዋል። ክንድ ሲዝል ግፊቱ ይቀንሳል፣ የሚጫነው ሰው ግን አይታወቀውም። አንዱ በየ6 ሰከንዱ አየር ይሰጣል። አንዱ መድኃኒት ይቀዳል። አንዱ ሰዓት ይዞ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ሐኪሟ ፈንጠር ብላ ቆማ ሁሉንም ትመራለች። ይህ ሪከቨር ከሚባለው የእንስሳት ልብና ሳንባ ማነቃቂያ መመሪያ የመጣ ነው። መጀመሪያ በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ በ2024 ደግሞ ታደሰ።

የኔ ድርሻ አየር መስጠት ነበር። ሐኪሟ የመተንፈሻ ቱቦውን አስገባች፣ እኔ በእጅ ሲጨመቅ አየር የሚሰጠውን ባግ ያዝኩ። አንዴ ጨመቅሁ። ሁለተኛ ጨመቅሁ። ሦስተኛው ላይ አየሁት። ባጉን ስጨምቀው ከፍ የሚለው ደረቱ አይደለም፣ ሆዱ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቱቦው የአየር ቧንቧ ውስጥ አልገባም፣ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ነው። የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያነበው መሣሪያም ዜሮ አካባቢ ነበር። ግን ልብ ሲቆም ቁጥሩ በሌላም ምክንያት ይወርዳል፤ ደም ካልዞረ ወደ ሳንባ የሚደርስ ጋዝ የለም። ያችን ሰበብ ያዝኳት። እሷ ከ20 ዓመት በላይ የሠራች ሐኪም ናት። እኔ ማን ነኝ? ምናልባት የማየው ነገር ትክክል አይደለም። እያልኩ ባጉን ጨመቅሁ። ደግሞ ጨመቅሁ።

ሁለት ደቂቃው ሞላና የሚጫነው ሰው ተቀየረ። አዲስ የመጣችው 22 ዓመት የማይሞላት ቴክኒሻን ናት። ገና እጇን ደረቱ ላይ ሳታሳርፍ አየች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሆዱ ነው የሚነሳው፣ ቱቦው ቦታው ላይ አይደለም» አለች። ሐኪሟ «አመሰግናለሁ» ብቻ ብላ ቱቦውን አውጥታ መልሳ አስገባች። አሥር ሰከንድ አልፈጀባትም።

ውሻው አልተመለሰም።

ልቡ ቆሞ ከተሞከረለት እንስሳ ቤቱ በሰላም የሚገባው ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም። ይህን አውቃለሁ። ሐኪሟም በኋላ ነግራኛለች። ግን ያን ደቂቃ ተኩል አይመልስልኝም።

ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ ሁላችንም ቆመን እንነጋገራለን። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ምን ጥሩ ሄደ፣ ምን ጎደለ። ሐኪሟ መጀመሪያ ስለ ራሷ ተናገረች። ቱቦው ስሕተት የኔ ነው፣ ሳላረጋግጥ እጄን አነሳሁ አለች። ከዚያ «ከእሷ በፊት ያየ ሰው ነበር?» ብላ ጠየቀች። እጄን አወጣሁ። የተቆጣኝ የለም። «ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ ቀስ ብላ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ጠዋት ወደ ቤት ስነዳ ነው። ቢሾፍቱ ክሊኒክ ስንወጣ መምህራችን ከላሟ ጎን ይቆማሉ። እኛ ቦቲ ጫማ አድርገን ከኋላ እንደረደራለን። እሳቸው የሚሉትን እንጽፋለን። ቢሳሳቱ እንኳ ሰው ፊት «ተሳስተዋል» የሚል ተማሪ አላየሁም። እኔም አላደርገውም። ቤትም እንዲሁ ነው ያደግነው። ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል። ይህን አስተዳደግ አላማም፤ ዛሬም እናቴን አንቱ እላለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የምላት። ግን ጠረጴዛው ላይ ልቡ የቆመ ውሻ ተኝቶ ይሉኝታ ቦታ የለውም። አክብሮት ማለት ያየሁትን ለሐኪሟ መንገር ነበር። እኔ ተቃራኒው መስሎኝ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ መናገርን እንደ ሙያ ተማርኩት። ትእዛዝ ሲሰጥ በስም ይጠራል። የተጠራው ሰው የተባለውን ቃል በቃል ይደግማል፣ ሲጨርስም መጨረሱን ይናገራል። ልብ ሲቆም የሚሰጠው ኢፒነፍሪን የሚባለው መድኃኒት ሲታዘዝ ለምሳሌ፦ «0.1 ሚሊ ኢፒነፍሪን።» «0.1 ሚሊ ኢፒነፍሪን።» «0.1 ገብቷል።» መጀመሪያ ላይ እንደ ሕፃን መዝሙር ነበር የሚሰማኝ። አሁን ግን ምክንያቱ ይገባኛል። ለአሥር ኪሎ ውሻ 0.1 ሚሊ ነው የሚሰጠው። ጫጫታ ውስጥ «ነጥብ» የምትለዋ ቃል ከጠፋች አሥር እጥፍ ገባ ማለት ነው።

ወር ከምናምን በኋላ ነው ሁለተኛው ሌሊት። አንድ አባት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ገቡ። ትልቋ ልጅ 13 ዓመት ቢሆናት ነው። ጀርመን ሼፐርድ ውሻ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ግማሹን ተሸክመው፣ ግማሹን እየጎተቱ። ስሙ ማክስ፣ 38 ኪሎ። ሊያስመልሰው ይሞክራል፣ ከነጭ አረፋ በቀር የሚወጣ የለም። አባትየው ልጆቹን በአማርኛ ሲያረጋጉ ሰማሁ። «ጋሼ፣ አይዞዎት፣ ስጡኝ» አልኩና ተቀበልኳቸው።

ሆዱን በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። ከበሮ።

ያን ድምፅ ከድሮ አውቀዋለሁ። ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ገበሬ ቤት፣ ሆዷ በጋዝ የተነፋች ላም። መምህራችን በግራ ጎኗ ትሮካር የሚባለውን ወፍራም መውጊያ ሲወጉ ጋዙ እያፏጨ ወጣ፣ ላሚቱ ትንሽ ቆይታ ተነስታ ቆመች። ውሻ ላይ ግን ከዚህ ይከፋል። ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ውሾች ላይ ጨጓራው በጋዝ ተነፍቶ ይጠመዘዛል። ላይም ታችም ይዘጋል። ከኋላ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጥበት ካኑላ ከፊት እግር የሚገባው ለዚህ ነው፣ ሁለት ወፋፍራም። ኦፕራሲዮን ካልተደረገ ይሞታል።

ሐኪሟ ያችው ናት። ፈሳሽ አስጀመረችና «ራጅ እናንሳ» አለች። ራጁ መጠምዘዙን ያረጋግጣል፣ ትክክለኛ ትእዛዝ ነው። እኔ ግን ጭንቅላቱን ይዤው ነበር። ከንፈሩን ገለጥ አድርጌ ሳየው ድዱ ወረቀት መስሏል። የልብ ምቱ 190 ነው። ራጅ ክፍል ድረስ ተወስዶ፣ ጎኑ ላይ ተይዞ፣ ተመልሶ... አፌ ደረቀ።

«ዶክተር፣ ምቱ 190 ነው። ድዱ ነጭ ነው። ከራጁ በፊት ጋዙን እናስተንፍሰው?»

ዞር ብላ አየችው። አንድ ሰከንድ። «ልክ ነህ። ቅድሚያ ጋዙ። 14 ጌጅ መርፌ።» «14 ጌጅ» አለ አንዱ። ወፍራም መርፌ ነው። ጸጉሩን ላጨን፣ ቆዳውን አጸዳን፣ ከበሮው በጣም የሚጮህበት ቦታ ላይ ሰካችው። ሽሽሽ የሚል ድምፅ ወጣ። ክፍሉን ሽታ ሞላው። ምቱ 170 ሆነ፣ ከዚያ 150። ከዚያ ራጁ ተነሣ፣ ጨጓራው ለሁለት የተከፈለ መስሎ ታየ። ተጠምዝዟል።

ወጪው ሲነገራቸው አባትየው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ከ6 ሺህ እስከ 8 ሺህ ዶላር። ትንሽ ቆይተው ጠቀሱኝ።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። ለውሻ ነው ይሄ ሁሉ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ስንት ደብል ሺፍት ሠርቼ እንደማገኘው ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። መልሱ የኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። «እሱን እኔ ልወስንልዎ አልችልም» አልኳቸው። «ሁለት መንገድ ነው ያለው። ኦፕራሲዮን፣ ወይ ሳይሰቃይ ለዘለዓለም ማስተኛት። ወደ ቤት ከወሰዱት ተሰቃይቶ ነው የሚሞተው። ማስተኛቱን ቢመርጡ ማንም ክፉ ነዎት አይልም፣ እኔም አልልም። ግን አሥር ደቂቃ ነው ያለን። እስከዚያ ሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶታል።»

ይህን ስል ከልቤ ነው። ገንዘብ አጥቶ ውሻውን ያስተኛ ሰው ሲወቀስ ስሰማ ያመኛል።

ባለቤታቸው አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፣ እሷም ሌሊት። ደወሉላት። ብዙ አላወሩም። «የዚህ ወር እቁብ የኔ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ቀና ብለው ሲያዩኝ ዓይናቸው ቀልቷል። «ይሠራለት» አሉ። ልጅቷ ክንዳቸው ላይ ተጠመጠመች።

ኦፕራሲዮኑ ወደ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ጨጓራው መጀመሪያ ሲወጣ እንደ ቃሪያ ተወጥሮ ሐምራዊ ነበር። ተመልሶ ሲዞር ቀስ በቀስ ወደ ሮዝ መጣ። ያን ቀለም ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነው የጠበቅነው። ጣፊያው ጠቁሮ ስለነበር ወጣ። ጨጓራው ዳግም እንዳይዞር ከሆዱ ቀኝ ግድግዳ ጋር ተሰፋ።

ጠዋት አባትየው ልጅቷን ይዘው መጡ። ማክስ ራሱን ማንሳት አልቻለም፣ ጭራውን ግን አንዴ መሬት ላይ መታ አደረጋት። እሳቸው ጎንበስ ብለው ግንባሩን ነኩት። «አይዞህ፣ አይዞህ» አሉት። ልጅቷ «አባዬ፣ እሱ እኮ እንግሊዝኛ ነው የሚሰማው» አለቻቸው። «ይሰማል» አሉና ደገሙለት።

የቀኑ ሺፍት ገባ። ከእንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን በኋላ ልብ ምቱን ሊስት ይችላል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያሰጋሉ። በየስንት ጊዜው እንደሚታይ፣ ምን ሲያዩ ሐኪሟን እንደሚጠሩ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። መልሰው ነገሩኝ። አንዱን ቁጥር ተሳስተው ደገሙት። አረምኳቸው፣ እንደገና ደገሙት፣ ኮቴን ይዤ ወጣሁ።