የመንገድ ሰዓት

ውድ ሰዓት አስሮ መንገድ መውጣት ለብዙ ሰው ጉራ ነው። ለእኔ ሥራ ያቀልልኛል። አጎቴ ያወረሰኝ ሮሌክስ ጂኤምቲ ማስተር 2 ነው፤ የመጀመሪያው ጂኤምቲ በ1955 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካው ፓን አም አየር መንገድ አብራሪዎች ተብሎ ነው የወጣው። አራተኛዋ ቀስት በ24 ሰዓት አንዴ ትዞራለች። ዋናውን በሐበሻ ሞልቼ እሷን ለፈረንጅ ሰዓት ትቻታለሁ። ትኬቱ 7:40 ሲል ዋናው 1:40 ይላል፤ ማስላት ቀረ! የቆዳ ማሰሪያ ግን ለጉዞ አልመርጥም፣ ላብ ይጨርሰዋል።

ዛሬ ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ ስንወጣ ሐረጎ ላይ እጅጌዬን ወደ ታች ሳብኩ። ብርድ ስለነበር ሰበብ አላጣሁም። አጠገቤ ያሉት እናት ግን ቀድመው አይተውታል።

«ልጄ፣ ስንት ገዛኸው?»

«የአጎቴ ነው እማማ» ብዬ አለፍኩ። ዋጋውን ብጠራ ሹፌሩም ዞሮ ያየኝ ነበር።