ወደ ቹንቾን፤ በአንድ የቃኘው ዘማች ስም

የኢትዮጵያ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ወዳለበት የደቡብ ኮሪያ ከተማ፣ ወደ ቹንቾን፣ የሚወስደው ፈጣን ባቡር ከሴኡል ዮንግሳን ጣቢያ ይነሳል። ስሙ አይቲኤክስ ቾንግቹን ነው። ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ያደርሳል፤ ትኬቱም 10 ሺህ ዎን ገደማ ነው። አራተኛውና አምስተኛው ፉርጎ ባለ ፎቅ ስለሆኑ የላይኛው ወንበር ቀድሞ ያልቃል፤ ቅዳሜና እሁድ ለሚሄድ ሰው ቀደም ብሎ መቁረጥ ግድ ነው። በሜትሮውም መድረስ ይቻላል፣ ዋጋው ይቀንሳል። ግን በየጣቢያው ይቆማል፣ ከሞላም እስከ መጨረሻው ቆሞ መሄድ ነው። ሰባ ዓመት ካለፋቸው አጎቴ (ጋሼ ነው የምላቸው) ጋር ስለነበርኩ ፈጣኑን መረጥን።

ጉዞው ለአባታቸው፣ ለእኔ አያቴ መታሰቢያ ነው። አያቴ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ በ1944 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት ከላከቻቸው የቃኘው ሻለቆች ከሁለተኛው ጋር ዘመቱ፣ ተመለሱ፣ ትዳር ይዘው ሰባት ልጅ አሳደጉ።

ሴኡል ያደርንበት ማረፊያ አልተመቸንም። ኮሪያዎች ቤት የሚያሞቁት ከወለሉ ስር ነው፤ የክፍላችን ማስተካከያ ስለማይሠራ ሌሊቱን ሙሉ መስኮት ከፍተን አደርን። አዲስ አበባ በሐምሌ ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ደርቦ መተኛት ለለመደ ሰው፣ ከታች የሚጠብስ ወለል እንቅልፍ አይሰጥም። ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ሙቀቱን ከውስጥ መቀነስ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ከባቡሩ በፊት ሳምጋክጂ ጣቢያ አጠገብ ያለውን የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም ማየት ያዋጣል፣ ከዮንግሳን ሩቅ አይደለም። በሕንጻው ግራና ቀኝ ባሉት ኮሪደሮች የወደቁት ወታደሮች ስም በየአገሩ ተጽፎ ይገኛል፤ ከኢትዮጵያ 122 ናቸው። ጋሼ አንድ በአንድ አነበቧቸው፤ ሦስቱን አባታቸው ሲያነሷቸው እንደሚያውቁ ነገሩኝ። የአባታቸው ስም ግን እዚያ ሊኖር አይችልም። የዘመቱት ከ6,000 በላይ ነበሩ፤ ድንጋይ ላይ የተጻፉት የሞቱት ናቸው። ተመልሶ ልጅ ያስተማረው ወታደር ስሙ ያለው ጡረታ ደብተሩ ላይና ቤተሰቡ እጅ ባለው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ይህ ከልቤ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ያ ወረቀት በአብዛኛው ቤት ቁምሳጥን አናት ላይ ሻንጣ ውስጥ ነው ያለው፣ አይጥና እርጥበት የሚደርሱበት ቦታ።

ሌላም ልንገራችሁ፤ ቡሳን ያለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ሄዶ የኢትዮጵያዊ መቃብር የሚፈልግ ሰው አያገኝም። የወደቁት አጽም ወደ አገር ተመልሶ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ቤተሰብ አበባ ማስቀመጥ ከፈለገ ቦታው አራት ኪሎ ነው።

ቹንቾን ስትደርሱ ናምቹንቾን ጣቢያ መውረድ ይሻላል። የውጭ አገር የስልክ ካርታ ኮሪያ ውስጥ የእግር መንገድ በደንብ አያሳይም፤ የአገሬውን ናቨር ወይም ካካኦ ካርታ መጫን ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን ስሙን በላቲን ፊደል ስትጽፉለት ግራ ይጋባል። ጣቢያው በር ላይ ስልኬን ስነካካ ያየች ተማሪ ተቀብላኝ በኮሪያ ፊደል ጻፈችልኝ፤ መንገዱ ራሱ «ኢትዮጵያ» የሚል ስም አለው፤ መታሰቢያው ቁጥር 1 ላይ ነው። ታክሲ እስኪመጣ አብራን ቆማ ለሹፌሩም አስረዳችልን። መታሰቢያው ሰኞ ዝግ ስለሆነ ቀኑን አስቡበት።

ሕንጻው ጣሪያው ሦስት ሾጣጣ ጎጆ ነው፣ ከሩቅ ይለያል። ፊት ለፊት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1968 እ.ኤ.አ. ተገኝተው የመረቁት ሐውልት ቆሟል። ታችኛው ፎቅ ስለ ዘመቻው ነው፣ ላይኛው ስለ ኢትዮጵያ ባህል። ላይኛውን በፍጥነት አለፍነው፤ መሶብና ጀበና ለማየት ይህን ያህል አይመጣም።

ታችኛው ፎቅ ላይ ጊዜ ስጡ። ፎቶዎቹ ስር ያለው ዓመተ ምሕረት የፈረንጅ ነው፤ የቤተሰባችሁ ወረቀት ደግሞ የእኛ። በእኛው ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሰባት ዓመት፣ ከጥር ወዲህ ስምንት ዓመት ይጨመራል። የመጀመሪያው ሻለቃ 1943 ሲል 1951 ነው፣ ሁለተኛው 1944 ሲል 1952፣ ሦስተኛው 1945 ሲል 1953። ይህን ሳያሰሉ የሚሄዱ ልጆች የአባታቸውን ሻለቃ ትተው የሌላውን ፎቶ ሲያገላብጡ ይውላሉ።

ጋሼ የቆሙት የብርድ ወራት ልብስ የለበሱ ወታደሮች ፎቶ ፊት ነው። የአሜሪካ ጦር ያደለው የብርድ ወራት ጫማ ታቹ ጎማ፣ ላዩ ቆዳ ነበር። ጎማው ውኃ አያስገባም፣ ላብም አያስወጣም፤ ወታደሩ ሽቅብ ወጥቶ ሲቀመጥ ላቡ እግሩ ላይ ይቀዘቅዝና ይጎዳዋል። መፍትሔው ሁለት ጥንድ ካልሲና ሁለት የሱፍ ገበር መያዝ ነው፤ አንዱ እግር ላይ፣ አንዱ ሸሚዝ ስር በገላ ሙቀት ሲደርቅ።

«አባባ ጫማችንን እንደዚህ ነበር የሚያደርቁት» አሉኝ ጋሼ። ክረምት ላይ ሰባት ልጅ ከትምህርት ቤት በስብሶ ሲገባ፣ አያቴ ክሩን ፈትተው ምላሱን ወደ ውጭ ይገለብጣሉ፣ ገበሩን ያወጣሉ፣ ጋዜጣ ጨምድደው አፍንጫው ድረስ ይሞላሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የረጠበውን ጋዜጣ በደረቅ ይለውጣሉ፣ ከመተኛታቸው በፊት አንዴ ይደግማሉ። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ክልክል ነበር፤ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል። አሥራ አራት ጫማ በየማታው። ስለ ውጊያው ለልጆቻቸው ብዙም አላወሩም፤ ከኮሪያ ያመጡትን ያሳዩት በዚህ ነው።

ሜዳሊያውን ቤት ትተን ፎቶውን ብቻ ነው የያዝነው፤ ሁላችሁም እንዲሁ አድርጉ። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ለኢትዮጵያውያን የተሠራው በአማርኛ ተጽፎበት ነው፤ ሰማያዊና ነጭ ሰንበር ባለው ሪባን ይንጠለጠላል። ከጠፋ የሚተካው የለም። በሎሚና በአመድ የሚፈትጉት አሉ፣ ጽሑፉን ይበላዋል፤ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ፍሬም ውስጥ አስገብቶ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ መስቀልም ሪባኑን ያነጣዋል። ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል፤ ለስላሳ እርሳስ ይሻላል፦ ሙሉ ስም ከነአያት፣ ማዕረግ፣ ሻለቃ፣ ዓመት፣ ከዚያም የባለቤትና የልጆች ስም።

ከመታሰቢያው ጥቂት እርምጃ እልፍ ብሎ በ1968 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የኢትዮጵያ ቡና ቤት አለ፣ ሐይቁን ያያል። ቡናው ቀጠን ያለ ነው፣ በትልቅ ኩባያ ይመጣል፤ ጋሼ ሁለት ጠጡ።

ሻለቃው የተዋጋባቸው ተራሮች ከዚህ ወደ ሰሜን፣ በሁዋቾን በኩል ናቸው። የሁዋቾን አስተዳደር ለዘማቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት ድጋፍ ይሰጣል። እዚያ የሚደርሰው ከቹንቾን የሚነሳ አውቶቡስ ነው፤ የጋሼ ጉልበት ስላልፈቀደ እኛ አልሄድንም። መሄድ የሚፈልግ ቹንቾን አድሮ በጠዋት ይነሳ፤ በአንድ ቀን ከሴኡል ደርሶ መልስ ያጣድፋል።