ለኩላሊቴ ብዬ የዋጥኩት

ጅዳ ውስጥ ዓርብ ዓርብ የአገር ልጆች ስንሰባሰብ «ፋርማሲዋ መጣች» ይሉኝ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት የላስቲክ ከረጢት አትጠፋም። ውስጧ ኪኒን ነው። ራሷን ያመማት፣ ጥርሷን ያመማት፣ ወር አበባዋ ያሠቃያት ሁሉ ከእኔ ትወስዳለች። አንዱ ኢቡፕሮፌን፣ ሌላው ዲክሎፌናክ። ከሁሉም በላይ የዋጥኩት ግን እኔው ነኝ።

የምሠራበት ቤት ሦስት ፎቅ ነው። ልብስ የሚታጠበው ታች፣ የሚሰጣው ጣሪያ ላይ። እርጥብ ልብስ ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ ስወርድ እውላለሁ። ማታ ላይ ወገቤን ከግራም ከቀኝም ይይዘኛል። እኛ ዘንድ ደግሞ ወገብ ከያዘ ስሙ አንድ ነው። ኩላሊት። ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ይነፍሳል፣ ወለሉ እብነ በረድ ነው፣ ስለዚህ «ኩላሊቴን ብርድ መታኝ» ብዬ አመንኩ። ለኩላሊቴ ብዬ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ዋጥኩ። በረመዳን እስከ ሱሁር ስለምንሠራ ሦስትም አራትም የደረሰበት ቀን አለ። እንዲህ ስድስት ዓመት።

ሽንቴ አረፋ መሥራት የጀመረው መቼ እንደሆነ በትክክል አላውቅም። መጸዳጃ ቤቱን የማጥበው እኔ ነኝና የሳሙናው ትራፊ መስሎኝ ነው የኖርኩት። ውሃ ለቅቄበት እንኳ አረፋው ቶሎ አይጠፋም። ጠዋት ስነሳ ዓይኔ ሥር አብጦ ይጠብቀኛል። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ላስቲኩ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። እንቅልፍ ማጣት ነው አልኩ። መቆም ነው አልኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

ባለፈው መስከረም የአራት ወር ዕረፍት አግኝቼ አገሬ ገባሁ። በአውሮፕላን እስከ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በሚኒባስ ደሴን አልፌ ሐይቅ። እማ አቅፋ ስማኝ ስትጨርስ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ወፍረሽ መጣሽ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። ውፍረት አልነበረም። እብጠት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ታናሽ እህቴ ልጇን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ፊቴን አየት አድርጋ «ነይ እስቲ አንችንም ልለካሽ» አለችኝ። ግፊቴ 160 በ100። አሳርፋ ደግማ ለካች። ያው። ትንሽ ዕቃ ሰጥታ ሽንት አምጪ አለችኝ። ባለቀለም ቁራጭ ወረቀት ነከረችበት። ቢጫ የነበረው አረንጓዴ ሆነ። «ፕሮቲን +3» ብላ ጻፈችልኝና «ደሴ ሂጂ። ዛሬ ነገ አትበይ» አለች።

ቤት ስንደርስ እማ «ፕሮቲን ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። እህቴ ትምህርት ቤት የተማረችውን ነገረቻት። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ። ሰውነት የሚገነባ።

«እሱ ነው ከሷ የሚወጣው?»

«አዎ፣ በሽንት።»

«ታዲያ ከወጣ መተካት ነዋ! ምን ያስጨንቃል?»

በማግስቱ ዶሮ ታረደ። ጠዋት አራት እንቁላል፣ ምሳ ላይ ዶሮ፣ ማታ ወተት። ጎረቤት ሰምቶ የሐይቅ ዓሣ ይዞ መጣ። አንዷ አክስቴ ደግሞ ምን እንደሆነ እስካሁን ያልገባኝን ሥር ቀቅላ በጠርሙስ አመጣችልኝ፤ ኩላሊት ያጥባል አለች። ሳልከፍተው ከአልጋው ሥር ደበቅኩት። እንቁላሉን ግን በላሁ። እማ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እስክጨርስ ታየኛለች፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጣች እናት እምቢ አይባልም። (ለመጣች ያልኩት ተሳስቼ ነው፤ የመጣሁት እኔ ነኝ። ግን እንደዚያ ነው የተሰማኝ።) ደሴ ቀጠሮዬ እስኪደርስ አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ተተካሁ።

ደሴ ያገኘሁት ሐኪም ወጣት ነው። እማ አብራኝ ገባች፣ ውጭ ቆዪ ቢሏት አልሰማ አለች። ሐኪሙ መጀመሪያ ምርመራውን ደገመ። አንድ ጊዜ በታየ ወረቀት አይፈረድም አለ፤ ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ከባድ የጉልበት ሥራም ለጊዜው ፕሮቲን ሊያሳልፍ ይችላል። ስኳር፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ኤችአይቪ፣ አልትራሳውንድ፣ ሁሉንም አየ። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንቴ ለአልቡሚን፣ ማለትም ለዋናው የደም ፕሮቲን፣ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ በአንድ ግራም ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ ነው) 640 ሚሊግራም አልቡሚን ይላል። የጤነኛ ሰው ከ30 በታች ነው፣ ከ300 ያለፈ ደግሞ ብዙ የሚባለው ነው። ስኳር የለብኝም። የደሜ ክሪያቲኒንም ገና ብዙ አልከፋም። «በጊዜ መጥተሻል» አለኝ።

ከዚያ «የሕመም ማስታገሻ ትወስጃለሽ?» ሲል ጠየቀኝ።

ከረጢቷን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። እያገላበጠ አያቸው።

«ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ስድስት ዓመት።»

«ለምንድን ነው የምትወስጂው?»

«ለኩላሊቴ።»

ዝም አለ። እኔ ገና አልገባኝም ነበር፤ ጥሩ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ነበር።

ቀስ ብሎ አስረዳኝ። እነዚህ ኪኒኖች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። አልፎ አልፎ ለጤነኛ ሰው ብዙ አይጎዱ ይሆናል፤ በየቀኑ ለዓመታት፣ ያውም በዚያ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ፣ ሌላ ነገር ነው። «የታመመው ወገብሽ ነው» አለኝ። «ጡንቻ ነው፣ ደረጃው ነው። ኩላሊት እንዲህ ሲጎዳ አያምም። ድምፅ የለውም።» ለወገቤ ፓራሲታሞል በልኩ ፈቀደልኝ። ከረጢቷን መልሼ አላነሳኋትም።

ያን ቀን ያለቀስኩት ስለ 640 አይደለም። ዓርብ ዓርብ እጃቸውን የሚዘረጉልኝ ልጆች ፊታቸው መጣብኝ።

እማ ግን የራሷ ጥያቄ ነበራት። «ዶክተርዬ፣ ፕሮቲኑ ከወጣ እኔ እየተካሁላት ነው። እንቁላሉን ልጨምር?»

ልጁ ሳቀ፤ በደግ ሳቅ። «እናቴ፣ እርስዎ ዱቄት ይነፉ የለ?» አላት። እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ወንፊት አለው አለ። ቆሻሻው በሽንት ያልፋል፣ ፕሮቲኑ ደም ውስጥ ይቀራል። ግፊት ሲበረታበት ወንፊቱ ይላላል፣ መቅረት የነበረበትም ያልፋል። ያለፈው ፕሮቲን ደግሞ በዚያው የሚሄድበትን ቱቦ ይጎዳል።

እማ ትንሽ አሰበች። ሕይወቷን ሙሉ ስትነፋ የኖረች ሴት ናት። «ወንፊቱ ከተቀደደማ» አለች፣ «እህል በጨመርኩ ቁጥር ገለባው ነው የሚያልፈው። መጀመሪያ ወንፊቱ ነው የሚሰፋው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስጨምርብሽ ዝም አልሽ?»

ፕሮቲን ጨርሶ ተዪ አላለኝም። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቴ 0.8 ግራም ይበቃሻል ነው ያለኝ። እኔ 65 ኪሎ ነኝ፣ 52 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም አለው። የእማ ቁርስ ብቻውን ግማሹን ሊሞላ ምን ቀረው? ሽሮውና ምስሩም እኮ አሉ።

የጻፈልኝ መድኃኒት ኢናላፕሪል ነው። ግፊት ከማውረዱ ሌላ ደም ከወንፊቱ የሚወጣበትን ቀጭን ሥር ስለሚያላላ፣ ወንፊቱ ላይ ያለው ጫና ይቀላል፣ የሚያፈሰው ይቀንሳል። ለስኳር የወጡ፣ አሁን ስኳር ለሌለበት ኩላሊትም የሚሰጡ እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ ኪኒኖችም እንዳሉ ነግሮኛል፤ ለጊዜው በዚህ እንጀምር አለ። ከመጻፉ በፊት ግን ጎንበስ ብሎ «ለማርገዝ ሐሳብ አለሽ?» አለኝ። መድኃኒቱ ለፅንስ አደገኛ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እማ ከእኔ ቀደመች። «እሱን ጠይቅልኝ የኔ ልጅ! እኔ ስጠይቃት ትቆጣለች።»

በሁለት ሳምንት ተመልሼ ደም ሰጠሁ፤ ፖታሲየምና ክሪያቲኒን ሊያይ። ደህና ነው። ከወር በኋላ ደረቅ ሳል ያዘኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስስል ጎረቤት መንሾካሾክ ጀመረ፣ ከዓረብ አገር ይዛ የመጣችው ነገር አለ ተባለ። የመድኃኒቱ ጠባይ ነው ለካ። ወደ ሎሳርታን ቀየረልኝና ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።

ይሄ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ጨው ነበር።

በቀን ከ5 ግራም በታች፣ የሻይ ማንኪያ አንድ፣ በየትም በኩል ይግባ። የሚገባበትን ልቁጠርላችሁ። ወጡ ውስጥ አለ። በርበሬው ሲደለዝ ገብቶበታል። ዳቦው ውስጥ አለ። ሌላ አገር ያለ ሰው የማይቆጥረው ደግሞ አለ፤ ቡናው። እኛ ቤት ቡና በጨው ነው የሚጠጣው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ያውም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። የእናቴ አባት ባቲ ሰኞ ገበያ አፋሮች በግመል ከሚያወርዱት አሞሌ እየገዛ የሚቸረችር ሰው ነበር። በጨው ያደገ ቤት ነው ማለት ትችላላችሁ።

እማ ኪኒኑን ተቀበለች፣ እንቁላሉን ተወች። ቡና ላይ ግን ደረቀች። ሐሙስ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጭሱ ጨሶ፣ ዱዓው ሊጀመር ሲል ስኒዬን ይዤ «የኔን ጨው አታድርጊበት» አልኳት። ሁሉም ዞረው አዩኝ። እንግዳ ሆንኩ። አንዱ ሽማግሌ «ዓረቦቹ ስኳር አለመዷት» አሉ። እማ መልስ ሳትሰጥ ጀበናውን አጎንብሳ ቀዳችልኝ። ቡናው መረረኝ። ዱዓ ሲደረግ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «የልጄን ወንፊት ጠግንልኝ» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ያልገባቸው ሁሉ አሚን አሉ።

በሳምንቱ ከጀበናው ጨው ቀረ። የፈለገ በስኒው ላይ ይጨምር ተባለ። ኋላ ላይ የእማም ግፊት ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። እሷም ተወች፤ ለእኔ ብላ እንደተወች ነው የምታወራው።

ታኅሣሥ መጨረሻ ምርመራው ሲደገም 640 የነበረው 230 ሆነ። ግፊቴ 128 በ78። ሐኪሙ ደስ አለው፣ ግን አልለቀቀኝም። ገና ከ30 በላይ ነሽ፣ ኪኒኑ ይቀጥላል፣ በየሦስት ወሩ ሽንትሽ ይታያል አለ። የጠዋት አረፋው ሳስቷል። ካልሲዬ ቀለበት መሥራት ትቷል። እማ «ከሳሽብኝ» ትላለች።

ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት በርበሬ ነበር። አንዱ ለልጆቹ፣ እንደ ወትሮው። ሌላው በቀይ ክር የታሰረ፣ ጨው የሌለው። እማ በርበሬ ያለ ጨው ስትደልዝ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። እንዳይሻግትብሽ ፍሪጅ ክተችው ብላ ሦስት ጊዜ ደውላለች።

ማዳም በየሦስት ወሩ ለሐኪም ቤት ቀን ስጠይቃት ፊቷን አጨማደደች። ሰጠችኝ ግን። ደረጃው ያው ነው፣ ልብሱ ያው ነው። ውሃ በጠርሙስ ይዤ እወጣለሁ።

የመጀመሪያው ዓርብ ላይ የወረባቦዋ ልጅ አቅፋ ሳመችኝ። ወዲያው ወገቧን ያዘች።

«ወላሂ ኩላሊቴ ሊገድለኝ ነው። ያን ኪኒን ስጭኝማ።»

«የለኝም።»

«እንዴ! ፋርማሲዋ? ምን ሆንሽ?»

«ሽንትሽ አረፋ አለው?»

ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። ከዚያ ሳቋን አቆመች።

«መጸዳጃ ቤቱን በሳሙና ስለማጥበው ይመስለኛል» አለች።